ወሰን ያልተለየለት እርቅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ኬክ ቆረሱልኝ። ኬኩ ላይ ስሜን አሳስተው ጽፈውታል፤ ብርቅነሽ የሚለው ስም ለሚኒሶታ ኬክ ጋጋሪ እንደማይመች ከድሮም ስለማውቅ አልተቀየምኩም። አለቃዬ፣ «ብርቄ፣ ከእንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዝም ልል ነው» አልኳት። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ዝም ማለት እንደማልችልበት ያውቃሉ። ደግሞም ለስንት ዓመት እንጀራዬ ሆኖ የኖረው ሌላውን ሰው ከዝምታ ማውጣት ነው።

ሥራዬን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። «ጠበቃ ነሽ?» ይሉኛል፤ አይደለሁም። «እንግዲያው ፖሊስ ነሻ!» ይሉና ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ገድሎ ብዙ ዓመት የታሰረ እስረኛ ጊዜው ሲደርስ «ልውጣ» ብሎ ቦርድ ፊት ይቀርባል። ቦርዱ እሱንም የእስር ቤቱንም ሰዎች ይሰማል። ሕጉ ደግሞ የተጎዳው ሰው፣ የሞተ እንደሆነ ቤተሰቡ፣ እዚያው ቀርቦ እንዲናገር ይፈቅዳል። ይውጣ አይውጣ የሚለው የቦርዱ ፋንታ ነው፤ ቢወጣ ግን የት ድርሽ እንዳይል፣ ማንን እንዳያነጋግር ተጎጂው መጠየቅ ይችላል። እኔ ያንን ሰው ከሳሎኑ አንስቼ እዚያ ወንበር ላይ አደርሰዋለሁ፤ ተናግሮ እስኪጨርስ ከጀርባው እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ቤቱ እመልሰዋለሁ። ደመወዙ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም፣ የሚሞላው ወረቀት ግን ለጉድ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ዞሬ ነው። መጀመሪያ ሪችፊልድ ውስጥ በአንድ ናርሲንግ ሆም አረጋውያንን አጥብና አለብስ ነበር። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከቤቴ ይዤው ስለመጣሁ ቀስ በቀስ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ። አስተርጓሚ ከራሱ አንዲት ቃል መጨመር አይፈቀድለትም። ለእኔ ዓይነቷ ሴት ይህ ከዐቢይ ጾም ይብሳል። አንድ ቀን ከችሎት ስወጣ ዶና የምትባል ነጭ ጸጉራም ረጅም ሴት አስቆመችኝ። የተጎጂዎች ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ከኩን ራፒድስ በአሮጌ መኪና እየነዳች የምትመጣ፣ ቀልዷ ደረቅ የሆነ ሴት ናት። «ስታስተረጉሚ ከንፈርሽን ስትነክሺ አየሁሽ» አለችኝ። «እኛ ጋ ብትሠሪ ከንፈርሽ ይድናል።» ከንፈሬን ላድን ስል ሥራ ቀየርኩ።

ዶና ብዙ አላስተማረችኝም፤ እያደረገች ነው ያሳየችኝ። ሰሚ ቦርድ የሚቀመጥበት ክፍል ስንሄድ ከሁሉ ቀድማ ትደርስና ተጎጂው የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ራሷ ትቀመጣለች። ከዚያ ወንበር ላይ ምን ይታያል? እስረኛው በስክሪን ከሆነ የሚቀርበው ፊቱ ምን ያህል ገዝፎ ይመጣል? በሩ በየት በኩል ነው? የእስረኛው ዘመዶች የት ይቀመጣሉ? አንዳንዴ ስክሪኑን ትንሽ ዞር እንዲያደርጉላት ትለምናለች፤ አንዳንዴ ወንበሩን ራሷ ትገፋዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ግራጫ ሹራብ አለ። እነዚያ ክፍሎች በበጋም ይቀዘቅዛሉ፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይበርደዋል።

ሰው ሲያለቅስ ሶፍት አታቀብልም። በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ሮጬ ሳቀብል እጄን ያዘችኝ። ከወጣን በኋላ፣ «ሶፍት ስትሰጪው በቃህ ያልሽው ይመስለዋል» አለችኝ። «ሣጥኑን እጁ የሚደርስበት አስቀምጪለት፤ ሲፈልግ ያነሳል።» «ይገባኛል» የሚለውንም ቃል ከአፌ አስጣለችኝ። የሰው ሐዘን አይገባሽም ትላለች፤ እንዲገባሽም አትሞክሪ፤ ወረቀቱን በትልቁ ጻፊለት፣ መስመሩን አራርቂለት፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ መስመር እንዳይጠፋበት። ይህን ሁሉ ዛሬም እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ።

እኔና ዶና አንድ ጊዜ ክፉኛ ወድቀናል። ዌስት ሴንት ፖል፣ ሮበርት ጎዳና ላይ የባልትና ሱቅ የነበራት አንዲት ሴት ነበረች፤ ስሟን አልጠራም። ወንድሟን የገደለባት ያገር ሰው ጉዳዩ ሊሰማ ሲል ደወልንላት። «ሽማግሌ ገብቶ ታርቄያለሁ። እርቅ ካወረድኩ በኋላ ምን ብዬ እናገራለሁ?» አለች። መናገር አለመናገር የራሷ መብት ስለሆነ አልገፋናትም። ሰውየው ወጣ። አክስቱ ቤት፣ ከሱቋ ብዙም በማይርቅ ቦታ ገባ። ማንም አትድረስባት ያለው የለም። ከወጣ ብዙም ሳይቆይ በደግ ልብ፣ በወጋችን መሠረት፣ ድፎ ዳቦ አስይዞ ጉልበቷን ሊስም ሱቋ ድረስ መጣ። እሷ በጓሮ በር ሮጠች። ሱቁ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም፤ እሷም ከተማውን ለቃ ሄደች።

ሰውየው ሕግ አልጣሰም። እሷም አልተሳሳተችም። ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው? እኔ ለሳምንት ያህል ሰው ሁሉ ላይ ጮህኩ፤ አለቃዬ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ላይ፣ ድፎውን የጋገረችው አክስቱ ላይ ሳይቀር። ዶና ግን ከዚያ ጀምሮ ሥራዋ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረች። ሰው ቤት ገብታ ገና ኮቷን ሳታወልቅ፣ «ይህ ሁሉ ሲያልቅ ምን ይዘሽ መውጣት ትፈልጊያለሽ?» ትላለች። እኔ ግን ያ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ። የአገሬ ሰው እርቅ ካወረደ በኋላ ምን እንደሚፈልግ ቢጠየቅም አይመልስም።

ይህ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዶና ጡረታ ወጥታ ጉልበቷን አስቀይራ ቤቷ ከተቀመጠች ወዲህ፣ የሺመቤት መዝገብ ላይ ነው። ታሪኳን እንድነግር የሺ ራሷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሞቹን ግን ቀይሬያቸዋለሁ።

የየሺ ባል ኃይሉ የታክሲ ሹፌር ነበር። ኤፍሬም የሚባል ገና ወጣት ያገር ልጅ ለገንዘብ ብሎ ገደለው፤ የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደበት። የኤፍሬም እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅና የሺ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚስሙት። ከፍርዱ በኋላ ሽማግሌዎች ጥሩወርቅን ይዘው ሪችፊልድ፣ የሺ አፓርታማ ገቡ። ጥሩወርቅ እንደ አገር ቤቱ ወግ ድንጋይ ጫንቃዋ ላይ ተሸክማ ነበር። ድንጋዩን ያነሳችው ከአፓርታማው የአበባ መደብ ስለነበር ማናጀሩ በኋላ ሲፈልገው ነበር አሉ። የሺ አልቅሳ፣ «ለእግዚአብሔር ብያለሁ» አለችና ድንጋዩን አወረደችላት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በአንድ መቅደስ ጎን ለጎን ሲቆሙ ኖሩ። ኤፍሬም ያለው እስር ቤት ስለሆነ ይህ የሚቻል ነበር።

ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም ሰው ብዙ ዓመት ከታሰረ በኋላ ጉዳዩ ይታያልና፣ የኤፍሬም ጉዳይ ቦርድ ፊት ሊቀርብ መሆኑ ለየሺ ተነገራት። ቤቷ ስደርስ የሆም ኬር ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ ብርቄ፣ ይሄን ሂሪንግ ካንሰል አድርጊልኝ።»

«የቦርዱን ሂሪንግ እኔ ካንሰል ላደርግ አልችልም፣ የሺዬ።»

«እንግዲያው እኔን ካንሰል አድርጊኝ። ሌተር አትላኩ፣ ኮል አታድርጉ። ታርቄያለሁ እኮ!»

ልጇ ሜሮን ከኩሽና ብቅ አለች። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አባቷን የምታውቀው በፎቶ ነው። «ማም፣ ዩ ዶንት ኦው ዜም ኤኒቲንግ» አለች፤ የማንም ዕዳ የለብሽም ማለቷ ነው።

«አንቺ ዝም በይ! እርቅ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያፈረሰ ይረገማል።»

ያን ዕለት የዶናን ጥያቄ ጠየቅኳት። ምን ይዘሽ መውጣት ትፈልጊያለሽ? አልመለሰችልኝም። ስትሸኘኝ ግን ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዝ አድርጋ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ኃይለኛ ፍርሃት ገብቶኛል። ቤተ ክርስቲያን በኩሽናው በር ነው የምገባው አሁን። ገና ሳይወጣ ፊት ለፊት በር ላይ ቆሞ ይታየኛል። ያቺን የሮበርት ጎዳናዋን ሴት ታውቂያታለሽ አይደል? እኔ የምሄድበት የለኝም። ይውጣ፤ ጠልቼው አይደለም። ግን ያንን እጅ በቅዳሴ ላየው አልችልም።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በጣም ተናደድኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገሬ ሰው፤ ያው ያገሬ ሰው ደግሞ የተወጋውን ዝም በል ይላል። ከዚያ ለዶና ደወልኩላት። ታሪኩን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «የእነዚህ ሽማግሌዎች ወንበር ላይስ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

ነገሩ መልሶ መላልሶ አሳሰበኝ። ሽማግሌዎችን ሁልጊዜ ከሩቅ ሆኜ ነበር የምቆጣቸው። ልጅ ሳለሁ አያቴ ደም ሲያደርቅ፣ ማለትም የገዳይና የሟች ወገን ሲያስታርቅ፣ ከጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። ይቅርታው ብቻ አልነበረም የሚነገረው። ገዳይ ከእንግዲህ በየትኛው መንገድ እንደማያልፍ፣ የሟች ቤተሰብ የሚውልበት ገበያ እንደማይወጣ፣ በየትኛው ደብር እንደማይስም ይለያል። በእኛ ቀዬ ወሰን ሳይለይ ሽማግሌ ከመቀመጫው አይነሳም ነበር።

በማግስቱ ጋሽ መኮንን ቤት ሄድኩ። እርቁን የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ድሮ ከኃይሉ ጋር ኤርፖርት ላይ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ብርቅነሽ፣ እርቁን ልታፈርሺ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም ጋሼ። ልጠይቅዎ ነው። ያን ቀን ወሰኑን የለዩት እንዴት አድርገው ነው?»

«የምን ወሰን?»

«ኤፍሬም የማይረግጠውን። የሟች ሚስት የምትውልበትን።»

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጁ እኮ እስር ቤት ነበር» አሉ። «ዕድሜ ልክ ሲሉን አይወጣም ብለን ነው። የት እንዳይደርስ እንለይ? እስር ቤቱ ራሱ ወሰን ሆኖ ታየን።»

«አሁን ሊወጣ ነው።»

«አሁን ሊወጣ ነው» አሉና ደገሙት። ከዚያ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። «ጉድ ነው! ሥራ ሳንጨርስ ተነስተናል ማለት ነው። ያቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ዘመን የእኛን ጎዶሎ እርቅ ተሸክማ ኖረች?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም፣ ሰው ሲያለቅስ ሶፍት የማላቀብለው ሴትዮ፣ ለራሴ እንባ ሶፍት አጣሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሺ ሳሎን እንደገና ተሰበሰቡ። ጥሩወርቅም መጣች። ያረጀችው በጣም ነው፤ ያን ድንጋይ ዛሬ ቢያሸክሟት አትነሳም። ጋሽ መኮንን ብድግ ብለው፣ «የሺመቤት፣ የመጣነው ይቅርታሽን ልንነካ አይደለም። ያጎደልነውን ልንሞላ ነው። ወሰኑን አንቺ ለዪ፤ እዚህም ሆነ ቦርዱ ፊት ብትናገሪው እርቅ አፈረሰች የሚልሽ ቢኖር ከእኛ ጋር ይነጋገር» አሉ።

የሺ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ መናገር ጀመረች። ሰፈሬ አይድረስ። ልጄ የምትሠራበት አይድረስ። ቤተ ክርስቲያኔ አይምጣ። መጨረሻውን አማትባ ተናገረች፤ ሰውን ከእግዚአብሔር ቤት መከልከል ቀላል አይደለም። ያኔ ጥሩወርቅ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ልክ ነሽ። ልጄ ከወጣ ሌላ ደብር ይሳም። እኔም አብሬው እሄድልሻለሁ፣ የእኔንም ፊት እንዳታዪ» አለች።

ሁሉም የየሺን መልስ ጠበቀ። የሺ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ጥሩወርቅ ዱላዋን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። እኔ በልቤ፣ ወሰኑ በጣም ተለጠጠ አልኩ፤ ግን መናገር የእኔ ቦታ አልነበረም። እንደ አስተርጓሚነቴ ዘመን ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። የምትናገረውን በራሷ አማርኛ አዘጋጀን፤ በትልቁ፣ መስመሩ ተራርቆ። ከአስተርጓሚዋ ጋር የት የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ ተስማማን። ቦታውን እንድትለምደው አስቀድሜ ይዣት በመንገዱ ነዳሁ፤ የት ፓርክ እንደምናደርግ፣ በየትኛው በር እንደምንገባ አሳየኋት። «እንደ ድራይቪንግ ቴስት አደረግሽው እኮ» አለችኝ፤ ከተዋወቅን ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ዕለቱ ሲደርስ ቀድሜ ገብቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ፊት ለፊት ሆኖ ግድግዳውን ሞልቶታል። ጠየቅኳቸውና ወደ ጎን አዞሩልኝ። ዶና ስትለቅ የሰጠችኝን ግራጫ ሹራብ ወንበሩ ላይ አንጠለጠልኩት። የሺ ገብታ ስትቀመጥ ምንም ሳትጠይቅ ለበሰችው። ኤፍሬም በስክሪኑ ላይ መጣ። ወጣት ሆኖ የገባ ልጅ ሽበት አውጥቷል። የሺ አየችውና ዓይኗን መልሳ ወረቀቷ ላይ ተከለች።

ከኃይሉ ጀመረች። «ባሌ ጠዋት ታክሲውን ሲያስነሳ ያፏጭ ነበር» አለች። «ጎረቤት ይቆጣዋል፣ እሱ ግን አይሰማም። ልጄ ያንን ፉጨት አታውቀውም። እኔ ላፏጭላት ሞከርኩ፣ አልቻልኩበትም።» ከቦርዱ አንዷ ሴት ብዕሯን አስቀመጠች። የሺ ቀጠለች። «ኤፍሬምን ይቅር ብዬዋለሁ። ለእግዚአብሔር ያልኩትን አልመልስም። ግን በአገራችን ይቅርታ ወሰን አለው። ሽማግሌዎቻችን ይህን አውቀው ለይተውልኛል፣ እናንተም እንድታጸኑልኝ እለምናለሁ።» ሰፈሯን፣ የልጇን መሥሪያ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኗን ጠራች። አስተርጓሚዋ ተከትላ አደረሰችላት።

ሰብሳቢው፣ «የሚጨምሩት አለ?» አላት። ወረቀቱ እዚያ ላይ አልቋል፤ እኔ ራሴ ስላዘጋጀሁት አውቃለሁ። የሺ ግን ወረቀቱን አጠፈችና ቀና አለች።

«አዎ አለ። እናቱን አትንኩብኝ። እሷ ካንቺ ልራቅ ብላኛለች፤ እኔ አልፈልግም። ወሰኑ ለእሱ ነው። እሷ ከእኔ ጋር ያለቀሰች ሴት ናት።»

ቦርዱ ኤፍሬምን ስለተጠየቀው ወሰን ምን እንደሚል ጠየቀው። «እቀበላለሁ። ከዚህ የበለጠም ቢሆን እቀበላለሁ» አለ።

ስንወጣ የሺ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ተናገርኩ፣ አይደል?» አለችኝ። «ተናገርሽ!» ብዬ አቀፍኳት። ሜሮን ከመኪና ማቆሚያው እየሮጠች መጥታ በመሃላችን ገባች፤ ሦስታችንም ቆመን አለቀስን። ደስታ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ በሥራ ዘመኔ ጥቂት ጊዜ ነው ያየሁት።

ውሳኔው ሲመጣ ኤፍሬም እንዲለቀቅ ተፈቀደለት፤ የየሺ ወሰን አንዱም ሳይቀር ገብቶበታል። ጋሽ መኮንን ሲሰሙ እልል አሉ። እልልታው የሴት ነው ብላቸው፣ «ዛሬ ዝም በይኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሳቸውና ጓደኞቻቸው ሲያስታርቁ፣ ገዳዩ ዕድሜ ልክ የታሰረ ቢሆንም፣ ወሰን ሳይለዩ አይነሱም። ዶናም ነገሩን ስነግራት አዲሱን ጉልበቷን መታ አድርጋ ሳቀች።

ኤፍሬም ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ የሺን ቤተ ክርስቲያን ልጠብቃት ቀድሜ ሄድኩ። የሺ በለመደችው በጓሮ በኩል፣ በኩሽናው በር ቆምኩ። ብርዱ ፊት ይልጣል። ቅዳሴው ሊገባ ነው፣ የሺ የለችም። ልቤ ፈራ፤ በመጨረሻ ሰዓት ቀረች ይሆን ብዬ ስልኬን ሳወጣ ደወለች።

«እትዬ ብርቄ፣ የት ነሽ?»

«በኩሽናው በር ቆሜ እየጠበቅኩሽ ነዋ!»

«ውይ! ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?» አለች። ከጀርባዋ የጥሩወርቅ ሳል ይሰማኛል። «ነይ፣ ፊት ለፊት በር ላይ ነን።»